ደጅ የሌለው ቤት፦ የእንስሳት ክልከላና የከተማችን ታሪክ

በኮተቤ፣ በአያት፣ በሲኤምሲ ወይም በየካ አባዶ በኩል ወዳለ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የገባ ሰው፣ ደረጃው መግቢያ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሳያይ አይቀርም። የማኅበሩ ማኅተም አርፎበታል። የወሩ መዋጮ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ ምንጣፍ በመስኮት አታራግፉ ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ውሻ፣ ዶሮ፣ በግና ሌላም እንስሳ በሕንፃው ውስጥ ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን ያሳስባል። አጻጻፉ ከማኅበር ማኅበር ይለያያል፤ ሐሳቡ ግን ተመሳሳይ ነው።

ወረቀቱ እንደተለጠፈ የፋሲካ ዋዜማ ይደርሳል። ደረጃው ሥር በግ ይታሰራል። በሩ ላይ ሦስት አራት ውሾች ይተኛሉ። ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ማንም ምንም አይልም። ሁለት ጎረቤታሞች በውሃ ታንከር ወይም በመኪና ማቆሚያ የተጣሉ ዕለት ግን ወረቀቱ ይታወሳል፤ የዶሮዋ ባለቤትም ኮሚቴ ፊት ትጠራለች።

ወዳጆች፣ ይህን እንደ ተራ የጎረቤት ንትርክ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ከንትርኩ ጀርባ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የዘለቀ የከተማ ታሪክ አለ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ ስለ እንስሳ የምትጠይቀው ዋና ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ነበር። የጋራ ሕንፃው ደንብ ይህን ጥያቄ ትቶ «አይቻልም» አለ። እንስሳቱ ግን አልሄዱም። የጠፉት ባለቤቶቻቸው ናቸው። የዛሬው ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሆነ ይተርካል።

ከእንጦጦ የወረደች ከተማ

አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ያመጡት በ1870ዎቹ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ያ ጋራ ለመከላከል የተመቸ፣ ለመኖር ግን ብርዱ የከፋ ቦታ ነበር። በ1879 ዓ.ም ከግርጌው አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ግን እዚያው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው።

ከተማዋ ስትወርድ የወረደችው እንደ ጦር ሠራዊት ነው። ዛሬም የምንኖርበትን ቦታ «ሰፈር» የምንለው ለዚሁ ነው፤ ሠራዊት የሰፈረበት ማለት ነው። እያንዳንዱ መኳንንት በተሰጠው ቦታ ላይ ከነወታደሩ፣ ከነአሽከሩ፣ ከነበቅሎውና ከነፈረሱ፣ ከነወተት ላሙ ሰፈረ። ከየካ ተራራ ሥር ሰፋፊ ቦታ የተሰጣቸው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ ለጋሲዮኖችም የራሳቸው ጋጣና የራሳቸው ፈረሶች ነበሯቸው። «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ ዘመን የቀረልን ነው።

በዚያች ከተማ ውሻ የጌጥ ነገር አልነበረም። ጅብ ከእንጦጦ እየወረደ እስከ በር የሚደርስበት ቦታ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ሌሊት ከየካ ጋራ ሥር ድምፁ ይሰማል። ውሻ ለጅብና ለሌባ ነበር፤ ድመት ለአይጥ፣ በቅሎ ለመንገድ፣ ላም ለወተትና ለኩበት። እያንዳንዱ እንስሳ ሥራ ነበረው፤ ቦታም ነበረው። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፦ ለላም በረት፣ ለፈረስ ጋጣ፣ ለዶሮ ቆጥ፣ ለውሻ ደጅ። ድመት ግን ወደ ቤት ውስጥ እንድትገባ ይፈቀድላት ነበር።

እዚህ ላይ «ደጅ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ደጅ ከቤት ውጭ ነው፤ መንገድም ግን አይደለም። የግል ነው፤ እንግዳ ግን ይቆምበታል። ደጅ የሚጠናበት፣ ደጃዝማች የሚሾምበት አገር ነው ያለነው። እንስሳውም የኖረው በዚህ መካከለኛ ቦታ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም ነገር ሲመጣ ወደዚህ ቃል እንመለሳለን።

በሽታ ያስተማረው

ከተማዋ ገና በእግሯ ሳትቆም «ደስታ» የተባለው የከብት ወረርሽኝ ገባ። በ1880 ዓ.ም ገደማ በምፅዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው ይህ በሽታ የአገሪቱን አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ያለውን ዘመን ታሪካችን «ክፉ ቀን» ብሎ የመዘገበውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሬ በማለቁ ገበሬው በዶማ እንዲቆፍር ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንዳሳዩ ይተረካል። የአንዱ ሰው ከብት ሕመም የሁሉም ጉዳይ መሆኑን ከተማዋ ገና በልጅነቷ ተማረች።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከውሻ ነው። በ1895 ዓ.ም ክረምት በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደነበር በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል። በ1940ዎቹ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የዚሁ በሽታ ክትባት ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውን ግቢ የከተማው ሰው እስካሁን «ፓስተር» ይለዋል። ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ ውሻ ነክሶት፣ እናቱ እጁን ይዛ ለተከታታይ ቀናት መርፌ ለመወጋት ወደ ፓስተር እንደተመላለሰ የዕድሜ ባለጸጎች ያውቁታል።

በዚያ ጊዜ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሻው የማን ነው?» ብሎ ነው። ባለቤት ያለው ውሻ ታስሮ ይታያል፤ በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ባለቤት ከሌለው ግን ምንም ማወቅ አይቻልም።

1952፦ ወተትና ሕግ

በየካ ክልል ያለችው ሾላ ለብዙዎቻችን የገበያ ስም ናት። በአገራችን የወተት ታሪክ ውስጥ ግን ትልቅ ቦታ አላት። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም ገደማ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የሚሆኑ የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞችን ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1952 ዓ.ም ገደማ ደግሞ በዩኒሴፍ ድጋፍ ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። መጀመሪያ ከትልልቅ እርባታዎች፣ በኋላም ከትንንሽ ላም አርቢዎች ወተት ይሰበስብ ጀመር። የከተማዋ ላም ከጓሮ ነገርነት ወጥታ የከተማዋ ኢኮኖሚ አካል ሆነች። በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከ5 ሺህ በላይ ትልልቅና ትንንሽ የወተት እርባታዎች ቆጥሯል።

በዚያው በ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ሕጉ ስለ እንስሳ የሚለው ግልጽ ነው። በቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ሳያስበው ቢያመልጠውም እንኳ ይጠየቃል። ጉዳቱ በባለቤቱ ጥፋት ካልመጣ፣ የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከዕዳው የሚወጣበት መንገድም ተቀምጧል። በቁጥር 1225 ደግሞ ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ጠረን፣ ጩኸት ወይም መንቀጥቀጥ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል።

ልብ በሉ፤ ሕጉ ዶሮ አታርባ፣ ውሻ አትያዝ አላለም። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ጎረቤትህን ምን ያህል አወክህ? ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል? ይህ ከፈረንጅ አገር ብቻ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ከብቱ የሰው ማሳ ገብቶ እህል የበላበት ሰው በሽማግሌ ተገምቶ የሚክስበት የገጠሩ ልማድ መሠረቱ ይኸው ነው።

የቀበሌው ግቢ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። የአከራዩ ግቢ የቀበሌ ግቢ ሆነ። በአንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ አምስትና ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ይጋራ ጀመር።

ይህ ኑሮ የሚናፈቅ ብቻ አልነበረም። ጠባብ ነበር፤ ጠብም ነበረበት። በእንስሳ ጉዳይ ግን አንድ ነገር አልጎደለውም፦ ደጅ። የጋራ ይሁን እንጂ ደጅ ነበር። የግቢው ውሻ ስምና ባለቤት ነበረው። የእትዬ እገሊት ዶሮ የጎረቤት ጎመን ስትለቅም ማን ጋ እንደሚኬድ ይታወቃል። ለበዓል የተገዛው በግ ግንድ ላይ ታስሮ ሦስት ቀን ይከርማል። ደንቡ ባይጻፍም ተጠያቂው ይታወቅ ነበር።

የጋራ ሕንፃ

በ1995 ዓ.ም የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። በማግስቱ፣ በ1996 ዓ.ም፣ ገርጂ ላይ የሙከራ ሕንፃዎች ተሠሩ፤ ከዚያም ከተማዋ በስፋት ወደ ኮንዶሚኒየም ግንባታ ገባች። አዋጁ ቤቱን ለግል፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን ለጋራ አደረገ። የቤት ባለቤቶች በሙሉ የማኅበሩ አባላት ይሆናሉ፤ ማኅበሩም የመተዳደሪያ ደንብ ይኖረዋል። ደረጃው ላይ የምናየው ወረቀት ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

የዲዛይኑ ሰዎች ስለ እንስሳ አላሰቡም ማለት ሐሰት ነው። ለበርካታ ብሎኮች «ኮሙናል» የሚባል የጋራ መገልገያ ቤት ሠርተዋል። እንጀራ ይጋገርበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ በግ ይታረድበታል ተብሎ ነው። ኢትዮጵያዊ ፎቅ ላይ ቢወጣም ዶሮ ወጡንና የበዓል በጉን ይዞ እንደሚወጣ ገብቷቸዋል።

ያልታሰበው ነገር በግዢና በእርድ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ከሾላ ወይም ከካራሎ ገበያ ሐሙስ የተገዛ በግ የሚታረደው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ሁለት ቀን የት ይደር? ለሞት ቦታ ተሰጠው፤ ለመኖር ግን አልተሰጠውም። በብዙ ሳይት ደግሞ ኮሙናሉ ራሱ ቀስ በቀስ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም የማኅበር ቢሮ ሆነ። እርዱም ወደ ደረጃው ሥር፣ የዶሮ ላባ መንቀሉም ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት በሩ ሲከፈት የሚገኘው ኮሪደር ነው፤ ኮሪደሩ ደግሞ የሁሉም ነው። ደጅ የሚባለው መካከለኛ ቦታ ጠፋ።

ከዚህ አንጻር ካየነው የማኅበራቱ ክልከላ ከክፋት አልመጣም። ከጭንቀት ነው የመጣው። ሃያና ሠላሳ ቤተሰብ በአንድ ደረጃ በሚወጣበት ሕንፃ የአንዱ ዶሮ ጠረን የሁሉም ነው፤ የአንዱ ውሻ ጩኸት ለሌሊት ተረኛዋ ነርስም፣ ለፈተና ለሚያጠናው ተማሪም ይደርሳል። ሕፃን ልጅ በጨለማ ደረጃ ላይ ውሻ ሲያጋጥመው ምን እንደሚሆን ወላጅ ያውቀዋል። ማኅበሩ እያንዳንዱን ጉዳይ እየመዘነ ለመዳኘት ጊዜም ባለሙያም የለውም። ቀላሉ መንገድ ሁሉንም መከልከል ሆነ።

ክልከላው ምን አመጣ?

አሁን የሆነውን እንይ። ማኅበሩ ውሻ መያዝን ከለከለ። ግቢው ውስጥ ግን ውሻ አለ። ሌሊት ጥበቃው ብቻውን ስለሚያድር ትራፊ እየሰጠ ያለምዳቸዋል። ነዋሪውም አጥንት ይወረውራል፤ ሌባ ሲመጣ ይጮኻሉና ይወዳቸዋል። «የማን ናቸው?» ብትሉ ግን መልስ የለም። የእኔ ነው ያለ ሰው ደንብ ጥሷል ይባላል። ስለዚህ ማንም የእኔ አይልም፤ ማንም አያስከትብም።

እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2071 ሥራ ያቆማል። ሕጉ ባለቤቱን ይጠይቅ ይላል፤ ደንቡ ደግሞ ባለቤት እንዳይኖር አድርጓል። የተነከሰው ልጅ አባት የሚከሰው ሰው የለውም። ፓስተርም ሄዶ «ውሻው የማን ነው?» ሲባል የሚመልሰው የለውም።

ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። መከላከሉ ግን የታወቀ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መሠራጨቱን ያቆማል። ለክትባት ደግሞ ውሻውን ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። ከተማችን ለአሥርተ ዓመታት የሞከረችው ሌላውን መንገድ፣ ልቅ ውሻን በመርዝ መግደልን ነው። ውሾቹ ግን ከዓመት ዓመት ተመልሰው መጡ።

በዶሮ በኩል ያለው ግጭት ደግሞ ሌላ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም «የሌማት ትሩፋት» በአርባ ምንጭ ይፋ ሲሆን፣ ቤተሰብ በቤቱ እንቁላል፣ ወተትና ማር እንዲያመርት መንግሥት ጥሪ አቀረበ። በከተማም ዶሮ ከነቤቷ ለነዋሪ ስትታደል አየን። ነዋሪው ከወረዳው አምርት ይባላል፤ ከማኅበሩ ደግሞ አውጣ ይባላል። ከሁለቱ ትእዛዝ የትኛውን ያክብር? በጡረታ የምትተዳደር እናት በረንዳዋ ላይ ያስቀመጠቻቸው አራት ዶሮዎች የቁርስ እንቁላልና የመዋጮ ብር ናቸው። ለጎረቤቷ ደግሞ ሽታና ዝንብ ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ደንቡ ግን አንዷን ብቻ ነው የሚሰማው።

ሌላም አለ። የማኅበሩ አባላት ባለቤቶች ናቸው። ከኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ብዙው ግን ተከራይ ነው። ደንቡን የሚያጸድቀው አንዳንዱ ሌላ ክፍለ ከተማ ወይም ውጭ አገር የሚኖር ባለቤት ሲሆን፣ በደንቡ የሚኖርበት ግን ድምፅ የሌለው ተከራይ ነው።

ሌሎች እንዴት ወጡት?

በዚህ መንገድ ያለፍነው እኛ ብቻ አይደለንም። በካሊፎርኒያ አንዲት ሴት ሦስት ድመቶቿን በአፓርታማዋ በማስቀመጧ ከማኅበሯ ጋር ተካሰሰች፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1994 ለማኅበሩ ፈረደ። ጉዳዩ ግን በዚያ አልቆመም። ከ2001 ጀምሮ የጸና ሕግ፣ ማኅበራት ተገቢ ገደብ ማስቀመጥ ቢችሉም ቢያንስ አንድ የቤት እንስሳን ፈጽሞ መከልከል እንዳይችሉ አደረገ። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2020 ሁሉንም እንስሳ በጅምላ የሚከለክል የሕንፃ ደንብ ሻረ፤ ጎረቤትን የማይነካ ነገር መከልከል ከልክ ያለፈ ጭቆና ነው ብሎ።

ለእኛ የምትቀርበው ግን ሲንጋፖር ናት። ከ10 ሰው ወደ 8ቱ መንግሥት በሠራቸው አፓርታማዎች ይኖራል። በእነዚህ ቤቶች ድመት ከ30 ዓመት በላይ ተከልክላ ቆየች። ሰው ግን በድብቅ ያሳድግ ነበር። በመስከረም 2024 መንግሥት ክልከላውን አንሥቶ በአንድ ቤት እስከ ሁለት ድመት ፈቀደ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ትመዝገብ፣ ባለቤቷ ይታወቅ። ዞሮ ዞሮ «የማን ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ተመለሱ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ደንቡ እንስሳትን ይለይ። ለሁለት ቀን የታሰረ የበዓል በግ፣ በረንዳ ላይ የሚጮኽ አውራ ዶሮ፣ ቤት ውስጥ የምትኖር ድመትና ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አንድ ዓይነት ጉዳይ አይደሉም። ሁሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር የከለከለ ደንብ አንዱንም አያስከብርም።

ሁለተኛ፣ በግቢው ያሉት ውሾች ይቆጠሩ፤ ማኅበሩ ራሱ በስሙ ይመዝግባቸው፣ ያስከትባቸው፣ አንገታቸው ላይ ምልክት ያድርግ። ወጪው ለሠላሳ ቤተሰብ ሲካፈል ከአንድ ሰው የመርፌ ምልልስ ያንሳል። ባለቤት ነኝ ያለ ማኅበር ተጠያቂነትም ይመጣበታል፤ ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ኮሙናሉ ወደ ሥራው ይመለስ፤ ከጎኑም ለበዓል ሰሞን በግ የሚታሰርበት ጥግ ይከለል። ሰው የጠፋበት ደጅ በጥቂቱም ቢሆን ይመለስለታል።

አራተኛ፣ በደንቡ የሚኖረው ተከራይ ደንቡ ሲወጣ ይሰማ።

አምስተኛ፣ ክርክር ሲነሣ መለኪያው ከ1952 ጀምሮ በእጃችን ያለው ይሁን፦ ጎረቤቱን ከልክ በላይ አውኳል ወይ? ጉዳት ካለስ ማን ይክሳል? ሽታውንና ጩኸቱን ማስቆም ያልቻለ ሰው እንስሳውን ያውጣ፤ ማንንም ያላወከውን ግን ለቂም መወጫ አንጥራው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚል ሕዝብ ነን። በፎቅ ቤት ጎረቤት ከበፊቱም ቀርቧል፤ በመሀል አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። የእናንተ ማኅበር ደንብ ስለ እንስሳ ምን እንደሚል አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ካላነበባችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ። ስትጠይቁ ደግሞ በሩ ላይ የተኙት ውሾች የማን እንደሆኑ አብራችሁ ጠይቁ።